ልጄ አሰላፊዋ

ሰው ሁሉ ልጄ ምን እንደምትሠራ ይጠይቀኛል። ሆስፒታል ነው የምትሠራው ስል ዓይናቸው ይበራል። «ዶክተር ናት?» አይደለችም። «ነርስ ናት?» አይደለችም። «ታዲያ ምንድን ናት?» ታወዳድራለች፣ እላለሁ። ይሄኔ ጎረቤቴ፣ ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ሳል ሳል አድርጎ «ማወዳደርማ እኔም አውቅበታለሁ፤ የኔን ትዳር ከሰው ትዳር ሳወዳድር አይደል እንዴ ፀጉሬ የሸበተው» ይላል። ሚስቱ ከኋላው መቆሟን ሳያይ ነው ይህን ሁሉ የሚቀባጥረው። እሱን ተዉት፣ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ስለ ልጄ ልናገር፤ ስለ ልጄ ስናገር ደግሞ ማንም እንዲያቋርጠኝ አልወድም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ፎቅ ላይ፣ ስፌት ቤቴ ምድር ላይ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የቁልፍ ቆርቆሮ አለ፤ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የሕፃን ልብስ፣ የሁሉም ዓይነት ቁልፍ የተጠራቀመበት። ልጄ ፊደል ሳትለይ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ሥር ቁልፍ ስትደረድር ነው ያደገችው። አባቷ አውቶቡስ ነጂ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቷል። በሥራ ዘመኑ አንድ ነገር ነበረው፤ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አያራግፍም። አውቶቡሱ ቢበላሽ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ አለቃው ቢቆጣ፣ የመጨረሻው ሰው ሌላ መኪና ላይ እስኪወጣ ከጎማው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃል። እራቱ ስንቴ እንደቀዘቀዘ የማውቀው እኔ ነኝ። «ምን አገባህ፣ ደመወዝህ ያው ነው» ስለው «ያሳፈርኩት ሰው ካልደረሰ እኔም አልደረስኩም» ይለኛል። ግትር ነው። ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜ ልክ መኖሬን እግዜር ይቁጠርልኝ።

ልጄ አሰላፊዋ የተባለችው በእሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ የዕንጨት ሥራ ፋብሪካ ለጥቂት ሠራተኞቹ የሥራ ጋውን አዘዘኝ። ጊዜው አጭር ስለነበር ለሁሉም አንድ ልክ እንድሰፋ ተስማማን። የትኛውን ልክ? አባቷ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ የሁሉንም ቁመት ደምሮ፣ ለሰዎቹ ቁጥር አካፍሎ «ይኸውልሽ፣ አማካዩ ይኼ ነው» አለኝ። አምኜው ቆረጥኩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከሠራተኞቹ መሀል ግንቡ የሚሉት አንድ ረጅም ጎምላላ አለ፤ በር ሲገባ በሩ ነው የሚፈራው። እሱ ብቻውን አማካዩን ጎትቶ ወደ ላይ አወጣው። ጋውኑ ሲደርስ ለግንቡ አጠረው፣ ለቀሩት ደግሞ መሬት ይጠርጋል። ለማንም አልሆነም። ሠራተኞቹ እጅጌያቸውን እያወዛወዙ ሲስቁ እኔ ውስጤ እርር ድብን አለ።

ያኔ ልጄ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብላ «ለምን አታሰልፏቸውም?» አለች። «ከአጭር እስከ ረጅም አሰልፏቸው፣ መሀል የቆመውን ሰውዬ ለኩት። ግንቡ ሰልፉ ጫፍ ላይ ይቁም፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ ማንንም አይነካም።» አባቷ እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰና አያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «አሰላፊዋ» ተብላ ቀረች። እኔም ጋውኑን ሁሉ ፈትቼ በመሀለኛው ሰውዬ ልክ ሰፋሁት፤ ለግንቡ ለብቻው ሌላ ሠራሁለት። ፋብሪካው እስከ ዛሬ ደንበኛዬ ነው።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ስታቲስቲክስ ተማረች፣ እዚሁ ሆስፒታል የጥናት ክፍል ተቀጠረች። ክፍሏን ስታዩ ታዝናላችሁ። በልብስ ማጠቢያውና በመድኃኒት ማከማቻው መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮቷ የሚያሳየው የተሰጣ አንሶላ ብቻ ነው። ግን ያንን ደጃፍ የማይረግጥ ዶክተር የለም። ቁጥር ተሸክመው ይመጣሉ፣ ቁጥራቸው ምን እንደሚል ትነግራቸዋለች። ሁሉም ግን የሚነገራቸውን አይወዱም።

አንድ ጊዜ ምሳ ላደርስላት ሄጄ ወጣት ዶክተር ሲሟገታት ደረስኩ። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሕሙማን «ሕመማችሁ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ ደምሮ አካፍሎ መጥቷል። ልጄ ረጋ ብላ «አራት የተባለው ሕመም ሁለት ከተባለው እጥፍ ነው ያለህ ማን ነው?» አለችው። «አራት ያለው ሰው ሁለት ካለው ይበልጥ እንዳመመው እናውቃለን፣ ሌላ ምንም አናውቅም» አለችው። «የምናውቀው ቅደም ተከተሉን ከሆነ በቅደም ተከተሉ እናወዳድር። ያልተነገረንን ምን አስጨመረን?» ልጁ ቅር ብሎት ወጣ፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ መጥቶ እንድታስተምረው ለመናት። ነርሶቹ ሆስፒታሉ በሰጣቸው አዲስ ጫማ እግራቸው ተሽሏቸው እንደሆነም እሷ ናት ያጠናችው። እያንዳንዷን ነርስ ከራሷ ጋር፣ ጫማውን ሳታደርግና ካደረገች በኋላ አወዳደረች እንጂ ወፍራሟን ከቀጭኗ፣ ወጣቷን ከአሮጊቷ አላደባለቀችም።

ይህ የምትሠራበት መንገድ ስም አለው። ነን-ፓራሜትሪክ ፍተሻ ይባላል አለችኝ። «ምላሴን ልስበር እንዴ?» አልኳት። ሳቀችና ነገሩን በኔ ቋንቋ አስረዳችኝ። የተለመደው ፍተሻ ቁጥሮች ሁሉ ጨዋ ናቸው ብሎ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ መሀል ይከማቻሉ፣ ወደ ዳርና ዳር እየሳሱ ይሄዳሉ። የሰው ነገር ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ሰዎቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ሩቅ ሲሄድ፣ ወይም ቁጥሩ ራሱ ከደረጃ በቀር ሌላ ሲያጣ፣ ሰልፍ ይሻላል። «ግንቡን ታስታውሺው የለ? እሱ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም» አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አባቷን ስትሮክ መታው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ እጁ ከዳው፣ ምላሱም አብሮ ተሳሰረ። ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ የተቀመጠ የሰው ዕቃ ሆነ። ያን ትልቅ መሪ ሲያሽከረክር የኖረ ሰው ሸሚዙን መቆለፍ አቃተው። እኔ ስቆልፍለት ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። የልብስ ሰፊ ባል ሆኖ ቁልፍ ሲያሸንፈው ማየት አንጀቴን በላው። ተቆጣሁ። በማን እንደተቆጣሁ አላውቅም፤ ብቻ ለብዙ ጊዜ ደንበኞቼ ሁሉ ክፉ ሴት መሰልኳቸው።

ሆስፒታሉ ውስጥ በኮሪደሩ መጨረሻ የእጅ ማለማመጃ ክፍል አለ። የምትመራው ፊዚዮቴራፒስቷ ቁመቷ ሎጋ፣ አነጋገሯ ቁጥብ የሆነች ሴት ናት። እዚያ ያለው የላስቲክ ኳስ ብቻ ነበር፤ መጭመቅና መልቀቅ፣ መጭመቅና መልቀቅ። አባቷ ሁለት ሳምንት ጨምቆ ሰለቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ ልብስ ሰፊ መሆኔን ስትሰማ «ቁርጥራጭ ጨርቅ አለሽ ወይ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ ያጣሁ ዕለት ሞቻለሁ በሉ። ሰሌዳ በሚያህል ጣውላ ላይ ጨርቅ ወጥሬ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የጡት መያዣ ማያያዣ፣ የጫማ ማሰሪያ ሰፋሁበት። ለሽማግሌዎቹ ትልልቅ ቁልፍ፣ ለደፋሮቹ ትንንሽ። ሕሙማኑ ወደዱት። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም የኔን ዚፕ እየከፈተችና እየዘጋች ከምራቷ ጋር የተጣላችበትን ጉዳይ ሁሉ ትናገር ነበር። ጣታቸውም አፋቸውም አብሮ ተፈታ።

ደስታችን ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ የፋይናንስ ኃላፊ ክፍሉን ለዕቃ ማከማቻ ፈለገው። «ኳስ እንደሆነ ቤታቸውም ይጨምቃሉ» አለ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ግን ሚዛናዊ ሰው ናቸው፤ «የጨርቁ ልምምድ ከኳሱ እንደሚሻል ማስረጃ ይምጣ፤ ከመጣ ክፍሉ ይቀጥላል፣ ካልመጣ ይዘጋል» አሉ። ጥናቱ ለማን ተሰጠ? ለልጄ። አባቷ በሳምንት ሁለት ቀን ለመላጨት የሚነሳው ለዚያ ክፍል ሲል ብቻ ነበር። ክፍሉ ቢዘጋ ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ልጄ መጀመሪያ የሄደችው ዳይሬክተሩ ዘንድ ነው። «አባቴ ከሕሙማኑ አንዱ ነውና ሌላ ሰው ይሥራው» አለች። ሌላ የሚችል ሰው ጠፋ። እንግዲያው ስም አልይ አለች። ሕሙማኑ በቁጥር ይጠሩ፣ የቁጥሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስቷ ብቻ ትወቅ፤ እኔና አባቷም ስለ ጥናቱ ቤት ውስጥ አንዲት ቃል እንዳንተነፍስ። ሕሙማኑ በዕጣ ተከፈሉ፣ ገሚሱ ለኳስ ገሚሱ ለጨርቅ። መለኪያውም ቁልፍ መቆለፍ አይሁን አለች፤ «ፈተናውን ቀድሞ እንደ መስጠት ነው» ብላ። ሳንቲም ከጠረጴዛ እየለቀሙ ኩባያ ውስጥ መጨመር፣ ውኃ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ መገልበጥ፣ የማሰሮ ክዳን መክፈት፣ መጽሐፍ ገጽ በገጽ መግለጥ፤ ይህ ሁሉ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ነው መለኪያው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ በምን መንገድ እንደምታወዳድር ጽፋ ለዳይሬክተሩ ሰጠች። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አንዳንዱ በጣም ሊዘገይ ይችላል፣ ስለዚህ በደረጃ አሰልፋለሁ ብላ፤ ውጤቱ ሳይታይ፣ ማንም ማንን ሳያውቅ።

አባቷ ዕጣ ሲያወጣ ጨርቅ ደረሰው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ፈገግታ በሠርጋችን ዕለት እንኳ አላሳየኝም።

ከሳምንታት ልምምድ በኋላ፣ የመለኪያው ቀን ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሕሙማኑ ተራ በተራ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሴትዮዋ ገባች፣ ምራቷን እያማች ወጣች። ሁሉም ወጡ። የመጨረሻው ገቢ እሱ ነበር፤ ገባ፣ ቀረ። ሳንቲም ሲወድቅ ይሰማኛል። ዝም ይላል። ደግሞ ይወድቃል። ውኃ ሲፈስ ሰማሁ፤ ወደ ብርጭቆው ይሁን ወደ ጠረጴዛው እንጃ። ደንቡ «በቃኝ» እስካላለ ድረስ ማንም እንዳያስቆመው ነው። እሱ ደግሞ «በቃኝ» የሚለውን ቃል ጤነኛ ምላስም እያለው አያውቀውም። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ እግሬን አስነስታ ወለሉን ጠረገች፣ ወለሉ ደረቀ። ዘበኛው መጥቶ «እናቴ፣ ሰው ጠፋብዎት?» አለኝ። ባሌ ገጽ እየገለጠ ነው አልኩት።

ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ጨ…ረስኩ» አለኝ። ልቆጣው ነበር፣ አቃተኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ያንተ እንቁላል ግን በዳዴ ነው» አልኩት። በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ይህ ሰውዬ በገዛ ግትርነቱ የራሱን ክፍል ሊያዘጋ እንደሆነ ገባኝ። ለልጄ ልነግራት አልችልም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ግን አንቅዞ ሊጥለኝ ደርሶ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጄ ስፌት ቤት መጣች። «ሰው አላሳይሽም፣ ቀለም ላሳይሽ» ብላ የቁልፉን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ነጭ ቁልፍ ኳስ የጨመቀ ሰው ነው፣ ጥቁር ቁልፍ ጨርቅ የሠራ ሰው። ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው በአንድ መስመር ደረደረቻቸው። ጥቁሮቹ ወደ ፊት፣ ነጮቹ ወደ ኋላ ሆኑ፤ እዚህም እዚያም ተቀላቅለዋል፣ ግን ዓይን ያየዋል። ከሁሉም ኋላ፣ ከነጮቹም ሁሉ ኋላ፣ አንድ ጥቁር ቁልፍ ብቻዋን ቆማለች።

«ይሄኛውስ?» አልኩ፣ መቀሴን የምሞርድ መስዬ።

«እሱማ ጉደኛ ነው። ሁሉም ጨርሶ ቤቱ ሲገባ እሱ ገና ነበር። ደቂቃውን ደምሬ ባካፍለው የጨርቁ ወገን ከኳሱ የዘገየ ይመስላል፤ በአንድ ሰው ብቻ። ሰልፍ ላይ ግን የቱንም ያህል ቢዘገይ ያው መጨረሻ ነው። አንድ ቦታ ነው ያለው።»

«ይሄ ሁሉ በዕድል ቢሆንስ?» አልኳት። እኔ በቀላሉ አላምንም፤ ጨርቅ ነጋዴዎች ያስተማሩኝ ነው።

«እሱን ነው እኔም የምጠይቀው» አለችና ቁልፎቹን ሰብስባ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረች። አንቀጠቀጠችው። «ጨርቁ ምንም ካልረዳ ቀለሞቹ እንዲሁ በዘፈቀደ ነው የሚሰለፉት። ዓይንሽን ጨፍነሽ አውጪ፣ ደርድሪ።» አወጣሁ፣ ደረደርኩ። ተደበላለቁ። ደግሞ አንቀጠቀጠች፣ ደግሞ አወጣሁ። ደንበኛ መጣ፣ ነገ ተመለስ አልኩት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እናትና ልጅ ቁልፍ ስንደረድር ዋልን፤ ጥቁሮቹ እንደዚያ ተጠራርተው ወደ ፊት የወጡበት ጊዜ ግን አልገጠመንም። ኮምፒውተሯ ግን አይታክተው፣ ከመቶ ሁለቴ ገደማ ሊያጋጥም እንደሚችል ነግሯታል። «ስለዚህ ተረጋገጠ በይኛ» ስላት «ተረጋገጠ አልልም» አለችኝ። «ዕድል ብቻውን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ ካልኩ ዋሸሁ።»

አፌን መያዝ አቃተኝና «ያንን ጉደኛ ብታወጪውስ? ሰልፉ ያምር ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለምን ይወጣል? ጨርሷል እኮ።»

ፊቴን ወደ ስፌት መኪናዬ አዞርኩ። መርፌው ላይ ክር አልነበረበትም፤ ዝም ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩት።

ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ሕሙማኑና ቤተሰቦቻቸውም ተጠርተው ነበር። አባቷ ነጩን ሸሚዝ ራሴ እለብሳለሁ አለ። ጠዋቱ በሙሉ በእሱ አለቀ። ከላይ እስከ ታች ቆለፈው፤ ግን አንዷ ቁልፍ የጎረቤቷ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተዛንፏል። ላስተካክልለት እጄን ስዘረጋ ትከሻውን ዞር አደረገ። እሺ፣ የልብስ ሰፊ ባል እንዲህ ሆኖ ይሂድ፣ ስሜ ይጥፋ አልኩና ተውኩት።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ አለው። ትልልቆቹ ዙሪያውን፣ እኛ ግድግዳውን ተደግፈን። የፋይናንስ ኃላፊው ቀደመና ወረቀቱን አነሳ። «አማካዩን እኔም አውጥቼዋለሁ። ጨርቅ የሠሩት ኳስ ከጨመቁት ይዘገያሉ። ቁጥር አይዋሽም» አለ። የሴትዮዋ ምራት ከንፈሯን መጠጠች። ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን አየች።

ዳይሬክተሩ ልጄን «እስቲ አንቺ ንገሪን» አሏት። ሰልፉን ግድግዳው ላይ አሳየች፤ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች፣ እንደኛ ቁልፎች። ዕድል ይህን ከስንት አንዴ እንደሚያደርገው ተናገረች። ዳይሬክተሩ የመጨረሻዋን ነጥብ አተኩረው አዩና ድምፃቸውን አለስልሰው «ልጄ፣ ነገር ለምን ታከብጃለሽ? ይህን አንድ ሰው አውጪው። እሱ ከወጣ አማካዩም ይስተካከላል፣ ክፍሉም ይተርፋል፣ ሁላችንም ተስማምተን እንነሳለን» አሉ። በቅን ልብ ነው ያሉት፣ አልዋሽባቸውም። እኔ ግን የአባቷን እጅ ያዝኩ፤ ጤነኛውን። ቀዝቅዞ ነበር።

«አይወጡም» አለች ልጄ።

የመጨረሻዋን ነጥብ በጣቷ ጠቆመች።

«ዕጣ የደረሰው ሁሉ ይቆጠራል ብለን ነው የጀመርነው። ዛሬ ዘገምተኛውን ካወጣሁ ነገ የማይመቸኝን ፈጣን አወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የእኔን ቁጥር የሚያምን ሞኝ ነው። እኚህ ሰው ማን እንደሆኑ አላውቅም። የሠሩትን ግን አውቃለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጠው በቃኝ አላሉም። ሰልፉ ውስጥ ቦታ አላቸው፣ መጨረሻው። እሳቸው ሌሎቹን ወደ ኋላ አይጎትቱም፣ ሌሎቹም እሳቸውን አይገፉም። እሳቸውም ባሉበት የጨርቁ ወገን ቀድሟል። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሁሉን አገኘሁ አልልም። ግን ክፍሉ ለአንድ ሰው ብቻ ክፍት ይሁን ከተባለ፣ ከማንም በላይ ለእኚህ ሰው ያስፈልጋቸዋል።»

አባቷ እጁን ከእጄ አወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ።

«እ…ኔ ነኝ» አለ።

ልጄ ዞር አለች። ወረቀቷ እጇ ላይ ነው፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። እዚያ ቤት የነበረ ሁሉ አላወቀችም ነበር ብሎ ምሎ መመስከር ይችላል፤ ፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር።

የፋይናንስ ኃላፊው ግን ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ እንጃ። «አሃ፣ አባትሽ ናቸው። ለካ ለዚህ ነው» አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ቁጥሮቹ እሷ ዘንድ ተቆልፈው እንደነበር መናገር ጀመረች፣ ዳይሬክተሩም ጥናቱ ሳይጀመር ልጄ የሰጠቻቸውን ወረቀት ከአቃፊያቸው መፈለግ ያዙ። እኔ ግን እስኪገኝ መጠበቅ አልቻልኩም። «አንተ ሰውዬ» አልኩት። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፣ አላልኩትም። «ለአባቷ ብታደላ ኖሮ መጨረሻ ታቆመው ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሴትዮዋ ከምራቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ እነሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ታርቀዋል ይባላል። ሰውየው ወረቀቱን አጣጠፈ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አግኝተው ጮክ ብለው አነበቡት፤ በደረጃ አሰልፋለሁ፣ ማንንም አላወጣም፣ የሚል፣ ከሥሩም የራሳቸው ፊርማ ያለበት። አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ለዕቃው ሌላ ቦታ ይፈለግለት» አሉ። «ክፍሉ ይቀጥላል። አንቺም በሰፊው፣ በብዙ ሰው ደግመሽ አጥኚው።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ተቀምጬ ሲጠራ አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰው ሲበተን ልጄ አባቷ ፊት መጥታ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ ሞልቷል።

«መጨ…ረሻ ነኝ?» አላት።

«አዎ አባዬ። መጨረሻ ነህ» አለችው። አልሸነገለችውም። እንዲሸነግሉትም አይወድ።

«ደ…ርሻለሁ ግን» አለ።

«ደርሰሃል» አለችው። ይህን ጊዜ የተዛነፈችውን ቁልፍ አየቻት። ልታስተካክላት እጇን ሰደድ አድርጋ መልሳ ሰበሰበችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለ ፎቶ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሶታል። ሦስታችሁንም በነፃ ካላነሳሁ ብሎ ጎትቶ አስገባን። መብራቱን አስተካክሎ፣ በካሜራው አጮልቆ «ኧረ ሸሚዝህን ቆልፍ፣ ቁልፉ ተዛንፏል» አለው።

«እንዳለ አንሳው» አለች ልጄ።

ፎቶው ስፌት ቤቴ ውስጥ ከመኪናዬ በላይ ተሰቅሏል። ልጄ መሀል ናት፣ እኔ በግራ፣ አባቷ በቀኝ። ደንበኞች ልክ ሲለኩ ቀና ይሉና ያዩታል። ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ቁልፏ ላይ ነው። «የልብስ ሰፊ ባል ሆኖ!» ብለው ይስቁብኛል። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ራሱ ነው የቆለፈው እላቸዋለሁ።